ፊልሙ ካለቀ በኋላ፦ ስለ ሽብርና ስለ በደል ለጠየቃችሁን

ሽብርን፣ እስርንና የተጣመመ ፍርድን የሚያነሡ ፊልሞችን በተመለከተ ከላካችኋቸው ጥያቄዎች ተደጋግመው የመጡትን መርጠናል። ተቀራራቢ የሆኑትን አንድ ላይ ጨፍልቀናቸዋል።

ጥያቄ፦ ቦምብ የሚያጠምድ ወጣት ታሪክ የሆነ ፊልም አየሁ። ሲጀምር «ይሄ አውሬ!» እል ነበር፤ መጨረሻ ላይ ወታደሮቹ ሊይዙት ሲሉ ግን «አምልጥ! አምልጥ!» እያልኩ ራሴን አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። ሽብርን መደገፍ ጀመርኩ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። «አምልጥ» ያሰኘዎት ካሜራው ነው። ፊልም ተመልካቹን ከአንድ ሰው ጎን የሚያቆምባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ ከድርጊቱ በፊት ሠላሳ አርባ ደቂቃ ከልጁ ጋር፣ ከእናቱ ጋር፣ ከፍርሃቱ ጋር ያከርመናል። ሌላው የካሜራው አቀማመጥ ነው፤ በዓይኑ ቁመት ይሆንና ፊቱን አቅርቦ ያሳያል። ከሁሉ የሚበረታው ግን እሱ የሚያውቀውን ያህል ብቻ እንድናውቅ መደረጉ ነው። ከበሩ ጀርባ የተደበቀውን ወታደር እሱ ካላየው እኛም አናየውም፤ እሱ ሲደነግጥ አብረን እንደነግጣለን። እነዚህ ከተሟሉ ባንክ ዘራፊም ቢሆን «እንዳይያዝብኝ» ያሰኛል።

ስለዚህ ፊልሙን ሁለተኛ ጊዜ ይዩት፤ በዚህኛው ዙር ሰዓት ይያዙ። ወጣቱ ብቻውን ወይም ከቤተሰቡ ጋር ስንት ደቂቃ ታየ? በፍንዳታው የሚሞቱት ሰዎችስ ከመሞታቸው በፊት ስንት ደቂቃ አገኙ? ስም አላቸው? አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ተናግረዋል? ለአንዱ አርባ ደቂቃ፣ ለሌላው አሥራ አምስት ሰከንድ ከሆነ ሐዘንዎ ወዴት እንዳዘነበለና ለምን እንዳዘነበለ ያገኙታል።

ይህን ሚዛን ሆን ብሎ የተጫወተበት ፊልም ለማየት የጂሎ ፖንቴኮርቮን «የአልጀርስ ውጊያ» ይምረጡ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣ፣ በዚያው ዓመት በቬኒስ ፌስቲቫል ወርቃማውን አንበሳ የተሸለመ፣ አልጄሪያውያን ከፈረንሳይ አገዛዝ ጋር ያደረጉትን ትግል የሚተርክ ፊልም ነው። በመካከሉ ሦስት ሴቶች ቦምብ ለማስቀመጥ የሚዘጋጁበት ትዕይንት አለ። መስታወት ፊት ቆመው ነጠላ መሸፈኛቸውን ያወልቃሉ፣ ጸጉራቸውን ያስተካክላሉ፣ ፈረንሳዊት ለመምሰል ይለብሳሉ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌሊት በአልጄሪያውያን ሰፈር ቤቶች በቦምብ ፈርሰው የሕፃናት ሬሳ ከፍርስራሽ ሲወጣ አይተናል። እስከዚህ ድረስ ተመልካቹ ከሴቶቹ ጋር ነው። አንዷ ካፌ ገብታ ቦርሳዋን በእግሯ ወደ መቀመጫው ሥር ስትገፋ ግን ካሜራው ትቷት በካፌው ያሉትን ፊቶች አንድ በአንድ መዞር ይጀምራል። አንድ ትንሽ ልጅ አይስክሬሙን ይልሳል። ሰዓቱ ይሄዳል። ዳይሬክተሩ ያንን ልጅ ባያሳየን ኖሮ ፊልሙ ፕሮፓጋንዳ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ አሳየን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ከፊልሙ አቅራቢዎች አንዱ ሳዲ ያሴፍ በአልጀርስ የነጻ አውጪው ግንባር የጦር መሪ የነበረ ሰው ነው፤ በፊልሙም ውስጥ የራሱን የሚመስል ገጸ ባሕርይ ተጫውቷል። ታሪኩን ማን እንደሚተርክ ማወቅ ፊልሙን አያረክሰውም፤ በምን ዓይን እንደሚያዩት ይወስናል እንጂ። ይኸው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ለመኮንኖችና ለሲቪል ባለሥልጣናት ታይቷል፤ እነሱ የሚፈልጉት የከተማ ሽምቅ ውጊያን እንዴት መቋቋም እንደሚቻል ትምህርት ነበር። አንዱን ፊልም ታጋዩም የጦር መኮንኑም ለየራሱ ጉዳይ ያየዋል።

ወደ እርስዎ ጭንቀት እንመለስ። ሦስት ጥያቄዎችን ለያይተው ይመልሱ፣ በወረቀት ቢሆን ይሻላል። ሰውየው ይህን ለምን አደረገ? የተነሣበት በደል እውነት ነበር? ያደረገው ነገርስ ሊደረግ የሚገባ ነበር? ለመጀመሪያው ረጅም መልስ፣ ለሁለተኛው «አዎ»፣ ለሦስተኛው «በፍጹም» ብለው መጻፍ ይችላሉ፤ ሦስቱ አይጣሉም። የሚበላሸው ሦስቱ ሲደባለቁ ነው። በደሉ እውነት ስለሆነ ድርጊቱም ልክ ነው የሚል አለ፤ ድርጊቱ አስጸያፊ ስለሆነ በደል የሚባል ነገር አልነበረም የሚልም አለ። ሁለተኛው ስሕተት ከመጀመሪያው እኩል የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ማንም አያርመውም።

ጥያቄ፦ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» ሲባል ምን ያህሉን ልመን?

መልስ፦ ማዕቀፉን ይመኑ፤ ዝርዝሩን ይፈትሹ። ይህንን በአንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንየው።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 5 ቀን 1974 በእንግሊዝ ጊልፎርድ ከተማ መጠጥ ቤቶች ውስጥ፣ የብሪታንያን አገዛዝ ከሰሜን አየርላንድ ለማስወጣት ይዋጋ የነበረው የአይሪሽ ሪፐብሊካን ጦር ያጠመዳቸው ቦምቦች ፈንድተው 5 ሰዎች ሞቱ። በማግስቱ ወር በበርሚንግሃም ሌላ 21 ሰው ሞተ፤ ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ አዲስ የፀረ ሽብር ሕግ ጸደቀ። ሕጉ አንድን ተጠርጣሪ 48 ሰዓት፣ በሚኒስትር ፈቃድ ደግሞ 5 ቀን ተጨምሮ በጠቅላላው 7 ቀን ክስ ሳይመሠረት ማቆየት ይፈቅድ ነበር። በጊልፎርዱ ጉዳይ የተያዙት አራት ወጣቶች በፖሊስ ጣቢያ «አመኑ» ተባለ፤ በዚያ ቃል ብቻ እ.ኤ.አ. በ1975 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ጥፋተኞች አልነበሩም። ነጻ የወጡት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1989 ነው።

ይህን ታሪክ ጂም ሸሪዳን እ.ኤ.አ. በ1993 «በአብ ስም» በሚል ርእስ ፊልም አደረገው። የብዙ ሰው ልብ የሰበረው ትዕይንት ከአራቱ አንዱ የሆነው ጄሪ ኮንሎንና አባቱ ጁሴፔ በአንድ ክፍል ታስረው ሲኖሩ የሚያሳየው ነው። ሁለቱ በአንድ ክፍል አልታሰሩም። አባትየው በተያያዘ ክስ መታሰራቸውና እ.ኤ.አ. በ1980 እስረኛ ሳሉ መሞታቸው ግን እውነት ነው። ፊልሙ ላይ ጠበቃዋ ጋሬት ፒርስ በችሎት ቆማ ትሟገታለች፤ እሷ ግን ጉዳዩን የምታዘጋጅ ጠበቃ ነበረች፣ በችሎት የሚናገረው ሌላ ነው። ፊልሙ ላይ ፍርዱን የሚገለብጠው ለተከሳሾች እንዳይታይ የተደበቀ አንድ ወረቀት ነው። በእውነቱ ነገሩን ያፈረሱት የፖሊስ የምርመራ ማስታወሻዎች ናቸው፦ ሰውየው ሲናገር እዚያው በእጅ ተጻፉ የተባሉት ማስታወሻዎች አስቀድሞ በታይፕ ተረቅቀውና ታርመው ተገኙ።

ልብ ይበሉ፣ ለውጦቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። ሁለት የእስር ክፍል አንድ ይሆናል፣ ዓመታት የፈጀ የወረቀት ምርመራ በአንድ ቀን ይገኛል፣ በቢሮ የተሠራው ሥራ በችሎት ይጮኻል። ሰዎችን ማዋሐድ፣ ጊዜን ማሳጠር፣ ንግግርን ሰው ወዳለበት ማምጣት፤ ፊልም ሠሪ ያለ እነዚህ በሁለት ሰዓት አይጨርስም። ችግሩ ለውጡ መኖሩ ላይ አይደለም። ችግሩ ያየነው እንደ ትዝታ ተቀምጦ መቅረቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ አንድ የሥነ ልቦና ጥናት ተማሪዎች ትክክለኛ የታሪክ ጽሑፍ አንብበው ከዝነኛ ፊልም የተቀነጨበ አዩ። ፊልሙ ከጽሑፉ ጋር ሲስማማ የማስታወስ ችሎታቸው በጣም ጨመረ፤ ሲጋጭ ግን እስከ ግማሽ በሚደርስ ጊዜ የፊልሙን ስሕተት በሙሉ እምነት መልሰው ጻፉ። «ፊልም ሊሳሳት ይችላል» የሚል ጥቅል ማስጠንቀቂያ አልረዳቸውም። የረዳቸው «ይህ፣ ይህ ትዕይንት ስሕተት ነው» ተብሎ ለይቶ መነገሩ ነው።

እንግዲህ ዘዴው ከዚህ ይወጣል። ፊልሙ እንዳለቀ ለሌላ ሰው ሊያወሩት የሚችሉትን አምስት ነገር ይጻፉ፤ «አባትና ልጅ አብረው ታስረዋል» እንደሚለው ያለ፣ እውነት ወይም ሐሰት ሊባል የሚችል። «ሥርዓቱ ጨካኝ ነው» ዓይነቱ ለዚህ አይሆንም። እያንዳንዱን ከፍርድ ቤት ውሳኔ፣ ከምርመራ ኮሚሽን ሪፖርት ወይም ከዘመኑ ጋዜጣ ጋር ያስተያዩ። ከአምስቱ ሁለቱ ቢወድቁ አይደንግጡ፤ የወደቁት የትኞቹ እንደሆኑ ግን ከፊልሙ ስም አጠገብ ይጻፉ። የፊልሙን ማስታወቂያ ወይም የተዋናዮቹን ቃለ መጠይቅ እንደ ማስረጃ አይቁጠሩ።

ማስጠንቀቂያውን ፊልሙ ራሱ ሲያጠፋብዎ ደግሞ አለ። «ዜሮ ዳርክ ሠርቲ» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፊልም የቢን ላደንን ፍለጋ ሲተርክ ገና ሲጀምር ከባለ ጉዳዮች በቀጥታ በተገኘ መረጃ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ይነግረናል፤ ከዚያ ማሰቃየት ፍንጭ እንዳስገኘ ያህል ያሳያል። ፊልሙ በወጣበት ወር የምርመራውን ሰነድ የሚያውቁ ሦስት የአሜሪካ ሴናተሮች ይህ ሐሰተኛና አሳሳች ነው ብለው ለስቱዲዮው ጻፉ። ተመልካቹ ግን ደብዳቤውን አላነበበም፤ ያየው ፊልሙን ነው።

ጥያቄ፦ ዘጋቢ ፊልም ከሆነስ? እዚያ እንኳ ፈጠራ የለም መሰለኝ።

መልስ፦ ተዋናይ የለም እንጂ ምርጫ አለ። የአሥር ሰዓት ቀረጻ ወደ ዘጠና ደቂቃ ሲወርድ የቀረውን የመረጠ ሰው አለ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ይህ ምስል መቼና የት ተቀረጸ፣ ድምፁ ከምስሉ ጋር አብሮ የተቀረጸ ነው ወይስ በኋላ የተጨመረ፣ የተከሰሰው ወገን መልስ እንዲሰጥ ተጠይቆ ነበር? ከሥር ሙዚቃ ሲገባ ድምፁን ዝቅ አድርገው ትዕይንቱን ዳግም ይዩት። አንዳንዴ ማስረጃ የመሰለን ቫዮሊኑ ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ከ15 እና ከ16 ዓመት ተማሪዎች ጋር እንዲህ ዓይነት ፊልም አይቶ መወያየት ይቻላል? እንዴት?

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ዝግጅቱ ላይ ነው። ፊልሙን እስከ መጨረሻው ብቻዎን ይዩት፤ ከባድ ትዕይንት ያለበትን ደቂቃ ጽፈው ይያዙ። «ያን ያህል አይከብድም» ብሎ ሳያዩ ማቅረብ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። ለተማሪዎቹ አስቀድመው ፍንዳታ ወይም ድብደባ እንዳለ ይንገሩ፤ መውጣት የሚፈልግ ሳይጠየቅ እንዲወጣ ይፍቀዱ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ መንደርደሪያ ይበቃል፦ የት፣ መቼ፣ ማን ይገዛ ነበር። መንደርደሪያው ከረዘመ ምን ማሰብ እንዳለባቸው እየነገሯቸው ነው።

ፊልሙ ሲያልቅ መብራቱን ያብሩና አምስት ደቂቃ ዝም ብለው እንዲጽፉ ያድርጉ። ይህን የሚዘሉ መምህራን ሁልጊዜ የሚሰሙት የክፍሉን ሁለት ተናጋሪዎች ብቻ ነው። ከዚያ ከአምስት እስከ ስድስት በሆነ ቡድን ይከፋፍሏቸው። በመጀመሪያው ዙር የሚባለው የታየና የተሰማ ነገር ብቻ ነው፤ አስተያየት አይፈቀድም። አንዱ «እኔ ግን የሚመስለኝ...» ሲል «በየትኛው ትዕይንት ላይ?» ብለው ይመልሱት። በሁለተኛው ዙር፦ ለማን ፈራችሁ? ፍርሃታችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው የዞረበት ቦታ አለ? በሦስተኛው ዙር፦ በፊልሙ ውስጥ እያለ አንድም ቃል ያልተናገረው ማነው? ልክ ነው ልክ አይደለም የሚለው ክርክር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ ሁሉም የሚጠቅሰው ነገር በእጁ አለ። በጠቅላላው ከ40 እስከ 50 ደቂቃ ይፈጃል፣ በዚያው ቀን መሆን አለበት። ለነገ ሲባል ተማሪው ከፊልሙ ጋር ብቻውን ያድራል፤ በማግስቱ የሚያመጣውም ማታ በስልኩ ያነበበውን ነው።

ሁለት ነገር አያድርጉ። ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ግማሹን «የአጥፊው ጠበቃ» አያድርጉት፤ ልጅ በጨዋታ የተሟገተለትን ነገር እየወደደው ይሄዳል። ደግሞም በፊልሙ ውስጥ አጥፊው የአንድ ሃይማኖት ወይም ብሔር ሰው ከሆነ፣ የዚያ ወገን የሆነውን ተማሪ «አንተ እስቲ አስረዳን» አይበሉት። የደግነት መስሎ በክፍል ፊት እንደ መክሰስ ነው።

አንድ ልጅ «ቡም!» ብሎ ቢያሾፍ አይቆጡት፤ ብዙ ጊዜ ፍርሃት የሚወጣበት በር ነው። ከሳምንታት በኋላም ስለ ታጣቂዎቹ በአድናቆት ማውራቱን ከቀጠለ፣ የቡድኖችን ቪዲዮ መፈለግ ከጀመረና ከጓደኞቹ ከራቀ ግን የሚያምነው አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ቁጭ ብሎ ያናግረው፤ ከመምከር በፊት ያዳምጠው። የሚጎዳውን ሰው ወይም ቦታ ለይቶ ካወራ ነገሩ የመምህሩ ብቻ መሆኑ አብቅቷል፤ በዚያው ቀን ለወላጅና ለሚመለከተው አካል ይነገር።

ጥያቄ፦ አንዱ «አሸባሪ» የሚለውን ሌላው «ታጋይ» ይለዋል። ታዲያ ቃሉ ትርጉም አለው?

መልስ፦ አለው፤ ግን ቃሉን የሚያድለው ሰው ብዙ ነው። የተባበሩት መንግሥታት አባላት ሁሉ የተስማሙበት አንድ ሙሉ ትርጉም እስካሁን የለም። የጸጥታው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ውሳኔ ቁጥር 1566 ግን ዋናውን ነገር ይዟል፦ ሕዝብን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ ታስቦ፣ ሲቪሎችን ጨምሮ ሰዎችን ለመግደል ወይም በጽኑ ለማቁሰል ወይም ለማገት የሚደረግ ድርጊት በምንም ዓይነት ፖለቲካዊ ወይም ሃይማኖታዊ ምክንያት ተቀባይነት አይኖረውም። መለኪያው ድርጊቱ ነው፤ የዓላማው ቅድስና ወይም ርኩሰት ሚዛኑ ውስጥ አይገባም። መንግሥታት የሚለጥፉት ስም ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ኔልሰን ማንዴላ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ከሥልጣንም ወርደው ከዓመታት በኋላ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2008 ድረስ ከአሜሪካ የሽብር መዝገብ ላይ አልተሠረዙም ነበር። ፊልም ሲያዩ ስሙን ለጊዜው ይተዉትና «ማን ላይ፣ ምን ተደረገ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ለታጣቂውም ለደንብ ልብስ ለባሹም በአንድ ሚዛን ይሠራል።

ጥያቄ፦ ደም ማየት አልችልም። ስለ ሽብር ለመረዳት የግድ ማየት አለብኝ?

መልስ፦ የለብዎትም። እንዲያውም ጠንካራዎቹ ፊልሞች የሚያሳዩት ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በኖርዌይ ዩቶያ ደሴት የ69 ሰዎች ሕይወት የጠፋበትን ጥቃት የሚያሳየው የኤሪክ ፖፔ ፊልም ተኩሱን ያለ አንድም መቆራረጥ በ72 ደቂቃ ይተርካል፤ ተኳሹ ግን ከሩቅ ጥላውን ካልሆነ አይታይም። የሚሰማው ጥይቱ ነው፤ የምናየው ደግሞ የሚደበቁትን ወጣቶች። በአብዱራህማን ሲሳኮ «ቲምቡክቱ» ውስጥ ደግሞ ታጣቂዎች ኳስ ከከለከሉ በኋላ ልጆች ያለ ኳስ ይጫወታሉ፤ የሌለውን ኳስ ያቀብላሉ፣ ይመታሉ፣ ጎል አገባን ብለው ይጨፍራሉ። አንድ ጠብታ ደም የለበትም፤ ስለ ግፍ ከዚያ በላይ የሚናገር ትዕይንት ማግኘት ይከብዳል።

ታጣቂዎች ራሳቸው የቀረጹት የግድያ ቪዲዮ ግን ከዚህ ጋር አይቆጠርም። እሱ የጥቃቱ አካል ነው፤ የተሠራውም እንዲታይ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2019 በኒው ዚላንድ ክራይስትቸርች መስጊዶች 51 ሰው የተገደለበት ጥቃት በቀጥታ ሲሰራጭ አገሪቱ ቪዲዮውን በሕግ አገደች፤ መያዝም ማጋራትም ወንጀል ሆነ። ቢላክልዎ አይክፈቱት፣ «ተመልከቱ ጭካኔውን» ብለውም ቢሆን ለሌላ አያስተላልፉት፤ ለሚያስተዳድረው ድርጅት ሪፖርት አድርገው ያጥፉት።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ባየሁ ሌሊት ዓለምን ልለውጥ ነበር፤ በሳምንቱ ሁሉም ነገር ተረሳኝ። ልቤ ደንዳና ነው?

መልስ፦ ስሜቱ ነው የሄደው፤ እምነቱ እዚያው አለ። በልብ ወለድ ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ሰዎች ከታሪኩ ያገኙት እምነት ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመጀመሪያው ቀን ጠንክሮ ተገኝቷል፤ ይህም ከየት እንዳገኙት ስለሚደበዝዝባቸው ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ የሚያስፈራው መርሳትዎ አይደለም፤ ምንጩን ረስተው ፍርዱን ይዘው መቅረትዎ ነው።

በዚያው ሌሊት ግማሽ ገጽ ይጻፉ፦ የፊልሙን ስም፣ ከማየትዎ በፊት ምን ያስቡ እንደነበር፣ አሁን ምን እንደሚያስቡ፣ ሐሳብዎን የለወጠውን ትዕይንት። በስልክዎ ላይ ከ14 ቀን በኋላ የሚያስታውስ ደወል ያድርጉ። ደወሉ ሲጮኽ ያነበቡትን ከያዙት ሐሳብ ጋር ያስተያዩ፤ ያኔም ልብዎን የሚነካው ነገር ካለ ጠበብ አድርገው ይያዙት። «ፍትሕ» ሰፊ ነው። ክስ ሳይመሠረት ሰው ስንት ቀን ሊያዝ እንደሚችል፣ ጠበቃ የሚገባው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ፣ በፖሊስ ፊት የተሰጠ ቃል ብቻውን ያስፈርድ እንደሆነ ግን በአንድ ቅዳሜ ከሕጉ ላይ ተነቦ የሚታወቅ ነገር ነው፤ የጊልፎርዶቹን አራት ልጆች ዓመታት ያሳሰራቸውም ከእነዚህ አንዱ ነበር።